ሕይወት ስትታጠፍ፦ ከሐበሻ ስደተኞች የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ሰው ስለ ሕይወቱ ሲያወራ ዕድሜውን ለሁለት የሚከፍልበት አንድ ቀን አያጣም። አንዱ «አባቴ ከሞተ ወዲህ» ይላል። ሌላዋ «ዐረብ አገር ከሄድኩ በኋላ» ትላለች። ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ፣ ከከባድ በሽታ የተነሣ ሰው፣ ዘግይቶም ቢሆን ሶላት የጀመረ ወጣት፣ ሁሉም የየራሱ ቀን አለው። የቀኑ ስም ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የነበረውና ከዚያ ወዲህ ያለው እንደ ሁለት ሰው ሆነው ይተረካሉ።

ይህ የወሬ ማሳመሪያ ብቻ አይደለም። አብረነው የምንኖረው ነገር ነው። በፈተና የወደቀ ልጅ «ያን ዓመት ነው የተበላሸው» እየተባለ ካደገ፣ ውሎ አድሮ ቃሉን ራሱ ይቀበለውና ይኖርበታል። ከስደት ባዶ እጇን የተመለሰች እኅት «ዕድሜዋን ፈጅታ መጣች» ሲባልባት ከሰማች፣ የለፋችባቸው ዓመታት ሁሉ እንዳልነበሩ ይሆኑባታል። አንድ ቀን የሰውን ሕይወት ያጥፋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚነገረው ታሪክ ደግሞ ሰውየውን ወይ ያቆመዋል ወይ ይጥለዋል። ታዲያ ሕይወታችን የታጠፈችበትን ቀን እንዴት ልንረዳው፣ እንዴትስ ልንተርከው ይገባል?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከቁረይሽ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የመጡ ሶሐቦች፣ እንዲሁም እነርሱን ለማስመለስ ተልከው የመጡ አንድ የቁረይሽ መልእክተኛ፣ ኋላ ላይ የሕይወታቸውን ታሪክ በገዛ አንደበታቸው ነግረውናል። የዛሬው ዝግጅታችን በእነርሱ ትረካ ላይ ያተኩራል።

ዘመን ከየት ይጀመር?

ወደ ሐበሻ ከመሻገራችን በፊት ግን አንድ ነገር እናስቀድም። በሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ኺላፋ፣ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ (638 እ.ኤ.አ.)፣ ለደብዳቤና ለውል የሚሆን ቋሚ የዘመን አቆጣጠር አስፈለገ። በወቅቱ ወረቀት ላይ የወሩ ስም ብቻ ይጻፍ ስለነበር የትኛው ዓመት እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ሶሐቦች ተሰብስበው ተማከሩ። ዘመኑ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልደት ይቆጠር? ወሕይ ከወረደበት ቀን? ወይስ ካረፉበት? በመጨረሻ የተስማሙት ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱበት ዓመት ላይ ነው። ሂጅራ እውነትንና ሐሰትን የለየ ክስተት ነው ተባለ።

እስኪ ልብ እንበል። በ622 እ.ኤ.አ. ያ ሂጅራ ሲከናወን ለተመልካች ምን ይመስል ነበር? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እና አቡበክር (ረ.ዐ.) ሦስት ሌሊት ሠውር ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ቁረይሾች ለያዛቸው ሰው መቶ ግመል እንሰጣለን ብለው አስነግረዋል። የመካ ሰው ቢጠየቅ የሚያየው ሽሽት ነው፤ የአዲስ ዘመን መጀመሪያ ነው ብሎ የሚገምት አይገኝም። ቀኑ ራሱ ግንባሩ ላይ «መታጠፊያ ነኝ» የሚል ጽሑፍ የለበትም። ትርጉሙ የታየው ከዓመታት በኋላ፣ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ነው። የእኛም የየግል ሕይወት እንዲሁ ነው። ዛሬ ሽንፈት የሚመስለን ነገር ከየት ወዴት እንደሚወስደን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ጃዕፈር በንጉሡ ፊት

አሁን ወደ ሐበሻ እንሻገር። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ቀይ ባሕርን የተሻገሩት በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ጥቂት ወንዶችና አራት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተከታትለው መጡ፤ የሲራ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሐቅ ሴቶችንና ሕፃናትን ሳይጨምር የሰማንያ ያህል ወንዶችን ስም መዝግቧል። ቁረይሾች ነገሩ ስላላማራቸው ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ለንጉሡና ለመኳንንቱ የሚሆን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኩ።

በንጉሡ ፊት የሆነውን የነገሩን በቦታው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። ያኔ ከባለቤታቸው ከአቡ ሰለማ ጋር የተሰደዱ ወጣት ሴት ነበሩ። እርሳቸው እንደሚተርኩት ንጉሡ ስደተኞቹን አስጠርተው፣ የወገኖቻቸውን ሃይማኖት ትተው የያዙት ይህ አዲስ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ስለ ሁሉም ሆነው የተናገሩት ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ናቸው።

የጃዕፈር ንግግር በመሠረቱ የሕይወት ታሪክ ነው። ክርክር አላቀረቡም፤ ቀድሞ ምን እንደነበሩ፣ ምን እንደመጣላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ ተናገሩ። የሚገርመው አጀማመራቸው ነው። ስደተኛ ሰው በባዕድ ንጉሥ ፊት፣ ዕጣው በአንድ ቃል ሊወሰን ሲል፣ ራሱን ከፍ አድርጎ ማሳየት ይፈልጋል። ጃዕፈር ደግሞ ለኩራት የሚያንሱ ሰው አልነበሩም። የበኒ ሃሺም ልጅ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅ ናቸው። ነገር ግን የጀመሩት በነውራቸው ነው። በድንቁርና ላይ የነበርን ሕዝብ ነን፤ ጣዖት እንገዛ፣ በክት እንበላ፣ ዝምድና እንቆርጥ፣ ጎረቤትን እንበድል ነበር፤ ከመካከላችን ብርቱው ደካማውን ይውጥ ነበር ሲሉ አስረዱ። «እነርሱ» ብለው አልተናገሩም፤ «እኛ» ብለው ነው።

ቀጥለው ለውጡ ከየት እንደመጣ ሲናገሩ ለራሳቸው አንዳች ድርሻ አልወሰዱም። ዘሩን፣ እውነተኛነቱንና ታማኝነቱን የምናውቀውን መልእክተኛ አላህ ላከልን አሉ። እውነት እንድንናገር፣ አደራ እንድንመልስ፣ ዝምድና እንድንቀጥል፣ ለጎረቤት መልካም እንድንሆን አዘዘን፤ እኛም አመንነው፤ በዚህ ምክንያት ወገኖቻችን አሠቃዩን፤ ስለዚህም ከሌሎች መርጠን ወደ እርስዎ አገር መጣን፣ በእርስዎ ዘንድም እንደማንበደል ተስፋ አደረግን አሉ። ከዚያም ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ላይ ቀሩ። ንጉሡ ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ፤ ጳጳሶቻቸውም አለቀሱ። ስደተኞቹም ተላልፈው ሳይሰጡ ቀሩ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ከመታጠፊያው በፊት የነበረውን ሕይወቱን ሳይሸፍን የሚናገር ሰው ቃሉ ይታመናል። የዛሬ ማንነታችንን ለማሳመር ትናንትን ስንደብቅ፣ የአላህን ችሮታም አብረን እንደብቃለን። ከምን እንዳወጣን ካልታወቀ ያወጣን መሆኑ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አላህ የሸፈነለትን የግል ኃጢአት በየአደባባዩ መዘርዘር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ነገር ነው። ጃዕፈር የተናገሩት ስለ አንድ ሕዝብ የታወቀ ሁኔታ ነው፤ ዓላማቸውም እውነትን ማስረዳት እንጂ የትናንትን ስህተት መተረኪያ ማድረግ አልነበረም።

ኡሙ ሰለማ፦ በመከራ ውስጥ የታየ ደግ ሰው

የጃዕፈርን ንግግር ያቆዩልን እናታችን ኡሙ ሰለማ የራሳቸውንም ታሪክ ነግረውናል። ከሐበሻ ወደ መካ ተመልሰው ሳለ፣ ባለቤታቸው አቡ ሰለማ ወደ መዲና ለመሰደድ ተነሡ። ሚስታቸውንና ሕፃኑን ልጃቸውን ሰለማን ግመል ላይ አስቀምጠው መንገድ ሲጀምሩ የኡሙ ሰለማ ቤተሰቦች ደረሱባቸውና ሴት ልጃችን አትሄድም ብለው ያዟት። የአቡ ሰለማ ዘመዶች ደግሞ እንግዲያስ ልጁ የእኛ ነው አሉ። ሕፃኑን ወዲያና ወዲህ ሲጓተቱ ክንዱ ወለቀ። አባት ወደ መዲና፣ ልጅ ወደ አባቱ ዘመዶች፣ እናት ወደ ወላጆቿ ጎሣ፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ተበተነ።

ኡሙ ሰለማ ለአንድ ዓመት ያህል በየማለዳው አብጦሕ ወደሚባለው ስፍራ እየወጡ እስኪመሽ ያለቅሱ ነበር። በመጨረሻ ከዘመዶቻቸው አንዱ አይቶ አዘነና ቤተሰቡን ለመነላቸው። ወደ ባልሽ ሂጂ ተባሉ፤ ልጃቸውም ተመለሰላቸው። ሕፃኑን ታቅፈው በአንዲት ግመል፣ ከአላህ በቀር ማንም ሳይኖራቸው ወደ መዲና ጉዞ ጀመሩ። ተንዒም የሚባለው ቦታ ሲደርሱ ዑሥማን ኢብኑ ጦልሐ አገኟቸው። ዑሥማን ያኔ ገና አልሰለሙም ነበር። ብቻቸውን መሆናቸውን ሲሰሙ ትተዋቸው ማለፍ አልቻሉም። የግመሏን ልጓም ይዘው ወደ መዲና መሩ።

ኡሙ ሰለማ ያንን ጉዞ በዝርዝር ያስታውሱታል። ማረፊያ ሲደርሱ ዑሥማን ግመሏን አንበርክከው ራቅ ይላሉ፤ እርሳቸው ከወረዱ በኋላ ተመልሰው ግመሏን ዛፍ ላይ ያስሩና ሌላ ዛፍ ሥር ሄደው ጋደም ይላሉ። የመነሻው ሰዓት ሲደርስ ግመሏን አዘጋጅተው ያቀርቡና እንደገና ይርቃሉ። እንዲህ እያሉ ቁባእ ደረሱ። ባልሽ በዚህች መንደር ነው ብለው አሳዩአቸውና ወደ መካ ተመለሱ። ኡሙ ሰለማ ኋላ ላይ ይህን ሲተርኩ፣ እስልምናን ከተቀበሉ ቤተሰቦች የአቡ ሰለማን ቤተሰብ ያህል የተፈተነ እንደማያውቁ ገልጸዋል። ወዲያውም ከዑሥማን ኢብኑ ጦልሐ የበለጠ ጨዋ የመንገድ ጓደኛ አይቼ አላውቅም ብለዋል።

ሁለቱን አባባሎች አብረን እንያቸው። መከራቸውን አላሳነሱም፤ ነገር ግን መከራው በጎ ያደረገላቸውን ሰው እንዲረሱ አላደረጋቸውም። ያውም ያ ሰው ያን ጊዜ ከተቃራኒው ወገን የቆመ ነበር። ብዙዎቻችን የከፋውን ቀናችንን ስንተርክ የበደሉንን ሰዎች አንድ በአንድ እንቆጥራለን። ውኃ ያቀበለን፣ የታክሲ የከፈለልን፣ ሆስፒታል አብሮን ያደረ ጎረቤት ግን ከታሪኩ ይወጣል። የበደልን ታሪክ ብቻ የሚሰማ ልጅ ዓለም ሁሉ ጠላቱ ይመስለዋል።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። አቡ ሰለማ በኡሑድ ዘመቻ የደረሰባቸው ቁስል አገርሽቶ በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞቱ። ኡሙ ሰለማ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩትን፣ መከራ የደረሰበት ሰው ከአላህ የተሻለ ምትክ የሚለምንበትን ዱዓ አደረጉ። ዱዓውን እያደረጉም ከአቡ ሰለማ የሚሻል ደግሞ ማን ሊኖር ይችላል ብለው እንዳሰቡ ሳይደብቁ ነግረውናል። ይህ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ከዚያም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገቧቸውና የምእመናን እናት ሆኑ። ኢማን ማለት ሐዘን አለመሰማት አይደለም። ምላሱ ዱዓ እያደረገ ልቡ «እንዴት ሊሆን ይችላል?» የሚል ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ ይረዳል።

አስማእ፦ የስደት ዓመታት ዋጋ

ጃዕፈርና አብረዋቸው የቀሩት ሐበሻ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.)፣ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ፣ በመርከብ ተሻግረው መዲና ገቡ። ከእነርሱ ጋር የየመኑ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና ሰዎቻቸውም ነበሩ። የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ሐበሻ ምድር ላይ ልጆች ወልደዋል። በዚያው ሰሞን የሆነውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

አስማእ የሰይዲና ዑመርን ልጅ ሐፍሷን ሊጠይቁ ሄደው ሳለ ዑመር ገቡና ማን እንደሆኑ ጠየቁ። አስማእ መሆናቸው ሲነገራቸው፣ ያቺ ሐበሻዊቷ፣ ያቺ ባሕር ተሻጋሪዋ ናት ወይ አሉ። ከዚያም እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋል፤ ለአላህ መልእክተኛ ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን አሉ። አስማእ ይህ ከባድ ሆነባቸው። እናንተ ከአላህ መልእክተኛ ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበላሉ፣ ያላወቀውን ያስተምራሉ፤ እኛ ግን በሩቅ አገር፣ በባዕድ ምድር፣ በሥጋትና በእንግልት ነበርን፤ ይህም ሁሉ ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል ነው ብለው መለሱ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስክነግር ድረስ ምግብም ውኃም አልቀምስም ብለውም ማሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሰሙ ፍርዱን ሰጡ። ዑመር ከእናንተ ይበልጥ ለእኔ የቀረበ አይደለም፤ እርሱና ጓደኞቹ አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው እናንተ የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ አሉ። አስማእ እንደሚናገሩት ከዚያ ቀን በኋላ የመርከቡ ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ይህን ሐዲሥ ይጠይቋቸው ነበር። ከዚህች ዓለም የበለጠ የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረም። አቡ ሙሳ ደጋግመው ያስነግሯቸው ነበር።

ለምን ይህን ያህል ተደሰቱ? ዓመታቱ አልተለወጡም፤ ሥጋቱም፣ ናፍቆቱም፣ ባሕሩም ያው ነው። የተለወጠው የዓመታቱ ትርጉም ነው። «ከዋናው ነገር የቀራችሁበት ጊዜ» ይባል የነበረው «ሁለተኛ ሂጅራ ያገኛችሁበት ጊዜ» ሆነ። ሰው ለደከመበት ዓመት ትርጉም ሲያገኝ ድካሙ ይቀልለዋል።

ይህን ስናነሣ የራሳችንን ተመላሾች ማሰብ ግድ ይለናል። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻና በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነርሱ በፊትም በኋላም ብዙዎች ተመልሰዋል። እርግጥ ነው፣ ለእንጀራ የሚደረግ ስደትና ሃይማኖትን ለማዳን የተደረገ ሂጅራ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ቤተሰቧን ለመርዳት በሰው ቤት ዓመታት የለፋች፣ ታናናሾቿን ያስተማረች፣ ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ ያለበሰች እኅት በአንድ ሌሊት አውሮፕላን ላይ ተጭና ስትመለስ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብቻ ተብላ ልትጠየቅ አይገባም። ሐላል ሥራ ሠርቶ ቤተሰብን መርዳት ኢባዳ መሆኑን እናውቃለን። እንግዲያው ያ ልፋት አላህ ዘንድ የተጻፈ እንጂ የባከነ አለመሆኑን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ከማንም በፊት የገዛ ቤተሰቧ መሆን አለበት።

ዐምር ኢብኑል ዓስ፦ ሕይወት በሦስት ክፍል

አሁን ወደ ቁረይሹ መልእክተኛ እንመለስ። ዐምር ኢብኑል ዓስ በመጀመሪያው ጉዟቸው ስደተኞቹን ማስመለስ አቅቷቸው ባዶ እጃቸውን ወደ መካ ሄዱ። ዓመታት አለፉ። ከኸንደቅ ዘመቻ (627 እ.ኤ.አ.) በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዳይ እየበረታ መሄዱን ሲያዩ እንደገና ወደ ሐበሻ ንጉሥ መጡ። ኢብኑ ኢስሐቅ እንደዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የላኩትን መልእክተኛ ንጉሡ ዘንድ አዩትና እገድለው ዘንድ አሳልፈው ይስጡኝ ብለው ጠየቁ። ንጉሡ በጣም ተቆጡ። ዐምር ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እስክል ድረስ ፈራሁ ብለዋል። ንጉሡ ግን ከቁጣቸው በኋላ መከሯቸው፤ ይህን ሰው ተከተለው፤ እርሱ በእውነት ላይ ነው አሏቸው። ዐምርም በዚያው እስልምናን ለመቀበል ቃል ገቡ።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629 እ.ኤ.አ.) ወደ መዲና ሲጓዙ መንገድ ላይ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን አገኙ፤ እርሳቸውም ሊሰልሙ እየሄዱ ነበር። ሌላም ሰው አብሯቸው ነበር፦ ዑሥማን ኢብኑ ጦልሐ። ከዓመታት በፊት የኡሙ ሰለማን ግመል እየመሩ መዲና አድርሰው የተመለሱት ሰው፣ አሁን ያንኑ መንገድ ለራሳቸው ሄዱበት።

ዐምርን ለዛሬው ርእሳችን ልዩ የሚያደርጋቸው ግን የሞታቸው አልጋ ላይ የተናገሩት ነው። ግብፅን የከፈቱትና ያስተዳደሩት እኚህ ሰው በ43ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሞት ሲቃረብባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ረጅም ሰዓት አለቀሱ። ልጃቸው ዐብደላህ፣ አባቴ ሆይ፣ የአላህ መልእክተኛ በዚህና በዚያ ነገር አብሥረውህ የለም ወይ እያለ ያጽናናቸው ጀመር። ሶሒሕ ሙስሊም እንደዘገበው ዐምር ፊታቸውን መልሰው ሕይወቴ በሦስት ሁኔታ ያለፈ ነው አሉ።

በመጀመሪያው ክፍል የአላህን መልእክተኛ ከሰው ሁሉ አብልጠው ይጠሉ ነበር፤ በዚያ ላይ ቢሞቱ ኖሮ የእሳት ሰው እንደሚሆኑ ተናገሩ። በሁለተኛው አላህ እስልምናን በልባቸው አኖረ። ቃል ኪዳን ሊገቡ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡ፤ ያለፈው ኃጢአቴ ይማርልኝ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምና ከእርሱ በፊት የነበረውን እንደሚያፈርስ፣ ሂጅራና ሐጅም እንዲሁ እንደሆኑ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ከእርሳቸው ይበልጥ የሚወዱት ሰው አልነበረም፤ ከአክብሮት የተነሣ ዓይናቸውን ሞልተው ስለማያዩአቸው መልካቸውን ግለጽ ቢባሉ እንደማይችሉ ተናገሩ። በዚያ ሁኔታ ላይ ቢሞቱ የጀነት ሰው ለመሆን ተስፋ ያደርጉ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ግን ሥልጣንና የአመራር ሥራ የመጣበት ነው። በእርሱ ውስጥ ሁኔታዬ ምን እንደሆነ አላውቅም አሉ። ከዚያም ከቀብራቸው በኋላ ግመል ታርዶ ሥጋው እስኪከፋፈል ያህል መቃብራቸው ዘንድ እንዲቆሙ ኑዛዜ ሰጡ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ትረካ ሌላ ሰው ቢተርከው ኖሮ በሁለተኛው ክፍል ይጨርሰው ነበር። ጠላት የነበረ ሰው ሰለመ፤ ኃጢአቱ ተማረ፤ ታሪኩ አለቀ። ዐምር ግን እዚያ አላቆሙም። መታጠፊያው እውነተኛ ነው፤ ትናንትንም አፍርሷል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተኖረው ዕድሜ ደግሞ ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። «ከተመለስኩ ወዲህ» ብለን የምንኮራበት ቀን ከኋላ የሚመጡትን ዓመታት አይሸፍንልንም። በረመዷን ሶላት የጀመረ ወጣት፣ ከሐጅ የተመለሰ አዛውንት፣ ሱስ ያቆመ ወንድም፣ ሁሉም ሦስተኛው ክፍል ገና በእጁ ነው።

ነገሩን በሌላ ጎኑም እንየው። በመጀመሪያው ክፍል ብቻ ዐምርን የፈረደ ሰው ቢኖር ምን ያህል ይሳሳት ነበር! ስደተኞቹን ለማስመለስ ስጦታ ይዞ የመጣው መልእክተኛ፣ በዚያው ንጉሥ ፊት ልቡ ይለወጣል ብሎ ማን ገመተ? ስለዚህ ስለ ራሳችን እንደማንተማመን ሁሉ ስለ ሌላው ሰውም ተስፋ አንቆርጥም።

ዩሱፍ ያላነሡት ጉድጓድ

ለማጠቃለል ያህል ወደ ቁርኣን እንመለስ። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወላጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ግብፅ ላይ ሲያገኙ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ ተናግረዋል፤ ይህም በሱረቱ ዩሱፍ 100ኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል። አላህ ከእስር ቤት ስላወጣቸውና ቤተሰባቸውን ከገጠር ስላመጣላቸው ያመሰግናሉ። ወንድሞቻቸው የጣሏቸውን ጉድጓድ ግን አያነሡም። በመካከላቸው የሆነውንም ያበላሸው ሸይጧን እንደሆነ ይናገራሉ። ሙፈሲሮች ይህ ወንድሞቻቸውን ላለማሳፈር ነው ብለዋል። እስር ቤቱን ማንሣት ማንንም ከተሰበሰቡት ውስጥ አያሳፍርም፤ ጉድጓዱ ግን ያሳፍራል። እውነቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በይቅርታ ቀን መድገም ግን አላስፈለገም።

እንግዲህ በየቤታችን ይህን ሚዛን እንያዝ። የቤታችንን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር እንደ ጃዕፈር እውነቱን እንናገር፤ እንደ ኡሙ ሰለማ በጎ ያደረገልንን እንጥቀስ፤ እንደ አስማእ የለፋንበትን ዓመት ሰው ሲያቃልለው ዝም ብለን አንቀበል፤ እንደ ዐምር ደግሞ ሒሳባችን እንዳልተዘጋ እንወቅ። ይቅር ካልን እንደ ዩሱፍ ጉድጓዱን ደጋግመን አንቆፍረው።

በተለይ ወላጆች ሆይ! በልጆቻችሁ ላይ «ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቃናም» የምትለዋን ቃል ከአንደበታችሁ አውጧት። አንድ ዓመት የወደቀ ልጅ የወደቀው በዚያ ዓመት ፈተና ነው፤ በሕይወቱ አይደለም። ዛሬ ማታ እራት ላይ ያንን ዓመት ካነሣችሁት፣ ልጁ ከዚያ ወዲህ የሠራውን አንድ መልካም ነገር አብራችሁ አንሡለት።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለፈውን ይማረን፤ የቀረውን ዕድሜያችንን ያሳምርልን፤ ፍጻሜያችንን ከጅማሬያችን የተሻለ ያድርግልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።